አባቴና የንጉሡ ጃንጥላ

አባቴ ጥቁር መሆኑን የሰማው ለንደን ከገባ በኋላ ነው። ሲሰማም አላመነም። ካውንስል የሚሉት ቀበሌያቸውም ሄደ ሆስፒታል፣ ቅጽ ሲያስሞሉት የዘር ጥያቄው ላይ ሲደርስ «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚለውን እንዳላየ ያልፍና መጨረሻ ላይ «ሌላ» ከሚለው ጎን በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱን የምትቀበለው ሠራተኛ ደግሞ አንዴ ቀና ብላ ታየውና «ጥቁር አፍሪካዊ» ላይ ራሷ ምልክት ታደርግለታለች። እኔ አድጌ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አባቴና የእንግሊዝ መንግሥት እንዲህ ሲሟገቱ ኖሩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ካርኒቫል፣ የካሪቢያን ሰዎች የጎዳና ጭፈራ፣ ይደርሳል። አባቴም መስኮት ይዘጋል። ካርኒቫሉ ኖቲንግ ሂል፣ የእኛ ቤት ሆሎዌይ፤ መሃል ላይ ግማሽ ለንደን አለ። ቢሆንም ይዘጋል። «ጀመሩ እነሱ» ይላል፣ ቴሌቪዥኑን እንኳ ሳይከፍት። እነሱ ማለት ጃማይካዎች ናቸው። ትሪኒዳዶችም ጃማይካዎች ነበሩ፣ ግሬናዳዎችም፣ ሲከፋው ጋናዎችም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ አስቁሞት ቦርሳውን በረበረው። የምሳ ዕቃውን ከፍቶ አየና አመስግኖት ሄደ። አባቴ ቤት ገብቶ ሲያወራልን ያናደደው መበርበሩ አልነበረም። «ከየት ነህ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም» ነበር ያለው።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። አማርኛዬን ያገኘሁት ከአባቴ ስለሆነ አባቴ ከአዲስ አበባ በወጣበት ዓመት ላይ የቆመ አማርኛ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ሄጄ ስናገር እኩዮቼ አያታቸው ጂንስ ለብሳ የመጣች ይመስል ሳቁብኝ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ አንዳንድ ቦታ ካረጀሁባችሁ ጥፋቱ የአባቴ ነው።

በዚያን ጊዜ አባቴ ብቸኛ ሰው ነበር። ዋናው ጣጣ ይህ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የለንደን ሐበሻ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሠፈራችን ያለው ማኅበርም አብሮ ተሰነጠቀ። ሁለት ሊቀመንበር፣ ሁለት ጸሐፊ፣ አንድ አዳራሽ። የቅዳሜዎቹ ለእሑዶቹ ወንበሩን ሳይደረድሩ፣ ማሞቂያውንም አጥፍተው ይሄዳሉ። ፀቡ አገር ቤት ስላለው ነገር ነው ቢባልም እኛ ጋ ሲደርስ ባንዲራ ላይ ነው ያረፈው፤ ኮከብ ይኑርበት፣ አንበሳ ይኑርበት፣ ወይስ ምንም አይኑርበት። አንዲት ልጅ ተመርቃ ድግስ ተደግሶላት፣ ኬኩ ላይ ባንዲራ ተሥሎ ሲመጣ ግማሹ እንግዳ ኬኩ ሳይቆረስ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። የቀረው ግማሽ በላ። እኔም ነበርኩበት፤ ቫኒላ ነው። አባቴ ሊያስታርቅ መሃል ገባ። «ባዶው ይሁን፣ እሱን ሁላችንም እንወደዋለን» አለ። ሁለቱ ወገኖች ከዚያ ወዲህ የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ አባቴን በመጥላት። እሑድ እሑድ ሱፉን ለብሶ ሳሎን ይቀመጣል፣ የሚሄድበት ግን የለውም። እናቴ ጴንጤ ስለሆነች ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው። ሱፉን ለብሶ ብቻውን ተቀምጦ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

አባቴን ለመረዳት አንድ ሌላ ነገርም ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ አዎ አይልም። ቢፈልግም አይልም፤ ይበልጥ የፈለገ እንደሆነ ይበልጥ እምቢ ይላል። ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። እኛ አንድ ሰው ሻይ እንዲጠጣ ሞታችንን የምናስይዝ ሰዎች ነን። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ ሳይባል የበላ እንግዳ ቤቱ የሚበላ አጥቶ ነው የመጣው ተብሎ ይታማል። እንግሊዞች ይህን አያውቁም። አባቴ የሚሠራው ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ነበር፤ አዲስ አበባ የቢሮ ኃላፊ የነበረ ሰው እዚህ ዳቦ ላይ ማዮኔዝ ይቀባል። አንድ ቀን አለቃው ጠራውና ሱፐርቫይዘር መሆን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ያን ሥራ አባቴ እንዴት ይመኘው እንደነበር እናቴም እኔም እናውቃለን። እሱ ግን ጨዋ ነውና «ኧረ ከእኔ የተሻሉ ብዙ አሉ» አለ። አለቃው አመስግኖት ቦታውን በቅርቡ ለገባ አንድ ፖላንዳዊ ሰጠው። አባቴ ይህን ሲያጫውት ስለ ፖላንዳዊው ክፉ ቃል አይወጣውም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለተኛ አልጠየቁኝም።»

እኔ ካርኒቫል ውስጥ የገባሁት በዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በኩል ነው። ቤተሰቦቿ ከትሪኒዳድ ናቸው። አክስቷ በየዓመቱ ካርኒቫል ላይ የሚወጣ አንድ ቡድን ይመራሉ፤ ሁሉም አንቲ ስለሚላቸው እኔም አንቲ አልኳቸው። ሃክኒ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ያለ መጋዘን ተከራይተው ከግንቦት ጀምሮ ሲሰፋ፣ ሲለጠፍ፣ ሲቀባ ይከርማል። ማስ ካምፕ ይሉታል። ያን ዓመት አንቲ የመረጡት ርእስ «የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት» ነበር። እኔን ሲያዩ ደስታቸው ለከት አጣ። ከንጉሡ ፊት የሚሄደው ማነው፣ ኋላስ፣ ጃንጥላው ምን ይመስላል እያሉ ጠየቁኝ። እኔ ጃንጥላ ሲባል የማውቀው ሆሎዌይ ሮድ ላይ ነፋስ የሚገለብጠውን ነው። አባቴን ልጠይቅ አልኳቸው።

ና ብዬ ብጠራው እንደማይመጣ ይገባኛል። ስለዚህ ካርኒቫል የሚለውን ቃል ዋጥ አድርጌ፣ ሃክኒ ውስጥ ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱን ቁምጣ ሊያለብሱ ነው አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ አንቲ ያሳዩኝ የልብሱ ሥዕል ላይ ቁምጣ ነው፣ ያውም ወርቃማ። አባቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ሱፉን ለብሶ ስለነበር የቀረው ጫማ ማድረግ ብቻ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዶቃ ይሰፉ ነበር፤ ባርቤዶስ የተወለዱ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አንቲ እንግዳው ከኢትዮጵያ ነው ሲሉ ሽማግሌው ከነዶቃቸው ተነሡና ቆባቸውን አወለቁ። እናታቸው ቤታቸው ግድግዳ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ፎቶ ከኢየሱስ ሥዕል ጎን ሰቅለው ይኖሩ እንደነበር፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ሁለቱ ወንድማማች ይመስሏቸው እንደነበር ለአባቴ ነገሩት። ከዚያም ወንበራቸውን ለቀቁለት። ለንደን ከገባ ጀምሮ ለአባቴ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣለት ያየሁት ያን ቀን ነው። አባቴ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ቁምጣው ቀረ፣ ካባ መጣ። መኳንንቱ ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ያደርጋሉ አለ፤ አንበሳ ስላልተገኘ ከብርቱካንማ ክር ተሠራ። ንጉሥ አይሮጥም፣ ወደ ኋላው አይዞርም፣ ጥላ ሳይያዝለት ደጅ አይወጣም አለ። ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው። አባቴ በተማሪነቱ ንጉሡን አይቻለሁ ሲል ያየው መኪናቸውን ነው። እነሱ ግን አንድም ቃል አልጠረጠሩም፤ አንቲ ይሰሙታል፣ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጸድቁለታል።

አለመግባባት የመጣው በጭፈራው ነው። እነሱ የሚጨፍሩት ከወገብ በታች ነው፤ አባቴ ደግሞ ጨዋ ሰው ከወገብ በታች የለውም ባይ ነው። ትከሻ ላሳያችሁ ብሎ ተነሣ። ድምፅ ማጉያው ካሊፕሶ የሚሉትን ዘፈናቸውን እያሰማ፣ አባቴ በሱፉ፣ ከረባቱን እንዳሰረ እስክስታ ወረደ። ልጆቹ አጨበጨቡ። በመጨረሻ ከወገብ በላይ ኢትዮጵያ፣ ከወገብ በታች ካሪቢያን እንዲሆን ተስማሙ። እኛ ሠፈር ሁለት ማኅበር ያቃተው ድርድር እዚህ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ባንዲራውም እንደዚሁ ቀላል ሆነ። አባቴ ላቡን እየጠረገ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የትኛውን ባንዲራ እንደሚይዙ ጠየቀ። አንቲ ጆንያ ሙሉ ላባ አሳዩት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ላባ ላይ ኮከብም አንበሳም አይለጠፍም።

እሑድ እሑድ የሚሄድበት አገኘ። ከሽማግሌው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ዶቃ እየሰፉ፣ አንዱ ስለ አውቶቡስ ሌላው ስለ ሳንድዊች ሲያወሩ ይውላሉ። ሁለቱም እንግሊዞችን ያማሉ። ቤት ሲመጣ «ሰውየው ጃማይካዊ አይመስልም» አለኝ። አይደሉም እኮ ብዬ ብነግረው ሊሰማኝ አልፈለገም። ያን ሰሞን ሲያፏጭ ሰማሁት፤ አባቴ ማፏጨት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ካርኒቫሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካባው አለቀ። ቀይ ከፋይ ነው። ዳር ዳሩን ጥለት የሰፋችበት እናቴ ናት፤ ለዓለም ጭፈራ እጄን አላነሣም ብላ ነበር፣ የፕላስቲክ ጌጥ ሊለጥፉበት መሆኑን ስትሰማ ግን ጌታ ይቅር ይበለኝ ብላ መርፌዋን አነሣች። አንቲ ካባውን በሁለት እጃቸው ይዘው አባቴ ፊት ቆሙ። ሁላችንም ሥራ አቆምን። «ንጉሣችን አንተ ነህ» አሉት። «ከፊት ሆነህ ትሄድልናለህ?»

የአባቴ ዓይን ካባው ላይ ነበር። የተመረቅኩ ቀን እንኳ እንዲህ በርቶ አላየሁትም። እጁ ሊነሣ ሲል አየሁት። ከዚያ አንገቱን ሰበር አደረገና «ኧረ በፍጹም» አለ። «እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ።» ይህን ያለው ጥርት ባለ እንግሊዝኛ ነው። ብሎም ቆመ። እየጠበቀ ነበር። አንቲ «ችግር የለም ዳርሊንግ» አሉና ካባውን እንደያዙ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው ጥያቄው ሳያልቅ አዎ አሉ።

በአውቶቡስ ተመለስን። ሆሎዌይ ልንደርስ ስንል «ሁለተኛ አልጠየቁኝም» አለ።

«አባዬ፣ ኖ ብለሃል እኮ። ኖ ካልክ ኖ ነው።»

«ታዲያ ካባ ሲሰጡት ቀምቶ የሚለብስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እናቴ ነገሩን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ስንቴ ለመነችው? አንዴ አልኳት። «አንዴ መጠየቅማ አትምጣ ማለት ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ በበኩሌ ሃክኒ ሄጄ አንቲን ደግመው እንዲጠይቁት ለመንኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዶችን ኖ ማለት ኖ ነው እያሉ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ራሳቸው የሰው ኖ እንደማይረግጡ ነገሩኝ። ደግሞም ካባውን ከሽማግሌው መንጠቅ አይሆንም፤ ሰውየው ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳይቀር ዘንቢላቸውን ይዘው እንደ ንጉሥ መራመድ ጀምረዋል። አባትሽ ግን በፈለገው ጊዜ ይምጣ፣ ቦታ አይጠፋም አሉ። ይህን ይዤ አባቴ ዘንድ ተመለስኩ። ተጠርተሃል አልኩት። «አልተለመንኩም» አለኝ።

እሑድ ሲደርስ ሃክኒ አልሄደም። ሱፉን ለብሶ ሳሎን ተቀመጠ። ፉጨቱም ቀረ። እውነቱን ለመናገር ካባው ለኔ ጉዳዬ አልነበረም፤ የፈራሁት ያንን ወንበር ነው። አንዴ ተመልሶ ከተቀመጠበት ከዚያ እንደማይነሣ ታውቆኛል። ሁለት ማኅበር ጠልተውታል፣ አንድ ፋብሪካ እምቢታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮበታል፤ አሁን ደግሞ እኔ ያመጣኋቸው ሰዎች።

የካርኒቫሉ ዕለት ጠዋት ላባዬን ለብሼ ስወጣ አባቴም ይወጣ ነበር። ኖቲንግ ሂል አካባቢ የታመመ ሰው እንዳለ፣ እሱን ለመጠየቅ እንደሚሄድ ነገረን። እናቴ ስሙን አልጠየቀችውም።

የእኛ ቡድን መንገድ ላይ ሲወጣ ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከፊታችን መኪና ላይ የተጫነው ድምፅ ማጉያ ደረቴን ያነቀንቀኛል። ሽማግሌው በዚያ ወፍራም ከፋይ ውስጥ ሆነው፣ ቀና ብለው፣ አባቴ እንዳስተማራቸው ሳይሮጡ ወደ ኋላቸውም ሳይዞሩ ይራመዳሉ። መከራ የሆነው ጃንጥላው ነው። የያዘችው ጓደኛዬ ናት፤ ጎበዝ ጨፋሪ ናት፣ ስትጨፍር ጃንጥላውም አብሯት ይጨፍራል፣ ንጉሡ ፀሐይ ላይ ይቀራሉ። ላቡ ከፊታቸው ጥለቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ስል ከብረት አጥሩ ጀርባ፣ ጮቤ ከሚረግጠው ሕዝብ መሃል ከረባት ያሰረ አንድ ሰው አየሁ። አባቴ ነው። እጁ ከፍ ብሎ የሌለ ጃንጥላ ያቃናል።

ከሰልፉ ወጥቼ አጥሩ ጋ ደረስኩ። «አባዬ፣ ግባና ጃንጥላውን ያዝላቸው።»

«እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

የዛሬ ሳምንት ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። እዚህ አገር ያደግኩ ነኝ፣ ሰው እምቢ ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ግን የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። «በሞቴ» አልኩት።

«ልብሴም ለዚህ አይሆንም።»

«አባዬ፣ አፈር ስሆን።»

በሕይወቴ አፈር ስሆን ብዬ አላውቅም። ከአንገቴ በላይ ላባ፣ ከእምብርቴ በታች ብልጭልጭ ያደረግኩ ልጅ፣ ድምፅ ማጉያው ሥር ቆሜ እንደ ሠርግ ቤት አሳላፊ ስጮህ አጠገባችን ያሉት ዞረው አዩኝ። እጅጌውን ያዝኩ። አለቀቅኩም። አባቴ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል» ይላል፤ እግሩ ግን ወደ አጥሩ ተጠግቷል። ቡድኑ እያለፈን ነው። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ አስተናባሪ መጣና አጥሩን ገፋ አድርጎ፣ ቸኩሎ፣ እንዲህ ሲል ጠየቀው፤ «ጌታዬ፣ ኢን ወይስ አውት? ይገባሉ ወይስ አይገቡም?»

አባቴ አስተናባሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፀሐይ ላይ የቀሩትን ሽማግሌ አየ።

«ኢን» አለ።

ጃንጥላውን ከጓደኛዬ ተቀብሎ ከሽማግሌው ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ። ሽማግሌው ጥላው ሲያርፍባቸው ማን እንደመጣ ሳይዞሩ አወቁ፤ ንጉሥ አይዞርምና። እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግተው የአባቴን ክንድ መታ መታ አደረጉ። እንዲህ ሆነው ያን ሁሉ መንገድ ሄዱ። አባቴ ከወገቡ በታች አልተነቃነቀም፤ ትከሻውን ግን አልቻለውም። አንዲት እንግሊዛዊት ከሰገነት ላይ ቢራዋን ከፍ አድርጋ «በርቱ ጃማይካ» አለች። አባቴን አየሁት። ጃንጥላውን ሰላምታ አድርጎ ከፍ አደረገላትና መልሶ ንጉሡ ላይ አኖረው።

ቤት ስንገባ እናቴ እራት አቅርባ ትጠብቀን ነበር። የአባቴ ኮት ላይ ቀይ ላባ ተጣብቋል። እያየችው የታመመው ሰው እንዴት እንደዋለ ጠየቀችው።

«ተሽሎታል» አለ ጫማውን እየፈታ። ጫማውን ወደ ጥግ አደረገና «እኔማ አልገባም ብዬ ነበር። ለመኑኝ» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አዎ» አልኳት። «ብዙ ለመንነው።»